ፒኤሱን ልሽጠው ላልከኝ ልጅ

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ወጣት «ጋሼ፣ ፒኤስ ፎሬን (ፕሌይስቴሽን 4 የጌም ማሽኔን) ልሽጠው ወይስ ልታገስ?» ብሎ ጠየቀኝ። የቤት ኪራይ ጨምረውበታል። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ስሠራ ስለኖርኩ እዚያው መልስ የምሰጠው መስሎታል። እኔ ግን ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ለእሱም፣ እንደ እሱ ለምታስቡትም ልጻፈው።

1994 ዓ.ም. ለጅማ ክፉ ዓመት ነበር። ቡና ወደቀ። አገሮች በኮታ የሚሸጡበት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1981 ከፈረሰ በኋላ ቬትናምና ብራዚል ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። ኒውዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ይህ እኛ ጋ ሲደርስ እንዲህ ሆነ፦ የጅማው መርካቶ ያሉ ሱቆች ዱቤ ከለከሉ፣ ልብስ ሰፊው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ሰርግ ለሌላ ዓመት ተላለፈ። እኔ የአንድ ቡና ነጋዴ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ደመወዜ መዘግየት ጀመረ።

ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። አንዱ መምህር፣ አንዱ ቡና መጋዘን የሚሠራ፣ ሦስተኛው እኔ። ቡናው ደህና በነበረ ጊዜ በእቁብ ብር ያንን ግራጫ፣ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ገዝተናል። ከዱባይ የመጣ ነው። የሚቀመጠው ቆጪ ሰፈር፣ መምህሩ ቤት ነበር። ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም እንጫወታለን። ሲዲው ኮፒ ነው። ጽሑፉ ሁሉ በጃፓንኛ ስለሆነ ተጫዋቾቹን የምንለየው በፀጉራቸው ነበር። ሌንሱ ሲደክም ማሽኑን ገልብጠን እናስተኛዋለን፤ ያኔ ያነባል። በዚያ ዘመን ፕሌይስቴሽን የነበረው ሰው ይህን ዘዴ ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማንም ተነስቶ አይሄድም። የመምህሩ እናት ቡና ያፈላሉ፣ ወሬው ይቀጥላል። ማን ሥራ ሊለቅ እንዳሰበ፣ የማን አባት እንደታመመ የምንሰማው እዚያ ነበር።

እርግጥ በልጅነታችንም ከጨዋታ ርቀን አናውቅም። አዌቱ ወንዝ አጠገብ ጆተኒ ነበር። ሳንቲም ስናጣ ጎሉን በጨርቅ ወትፈን ኳሷ እንዳትገባ እናደርጋለን፤ ባለቤቱ እስኪነቃብን በአንድ ሳንቲም ከሰዓቱን ሁሉ እንጫወታለን። ሲነቃብን የሚያሳድደን በበርጩማ ነበር። ድህነት ብልሃት ያስተምራል የሚሉት ይህን ከሆነ እኛ በደንብ ተምረናል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የመጋዘኑ ልጅ ከሥራ ተቀነሰ። ኪራይ ተወዘፈበት። ማሽኑ ይሸጥ ተባለ፣ እኔም ሒሳቡን ሠራሁ፣ ተሸጠ። የገዛው ሰው መርካቶ አካባቢ ጌም ቤት ከፈተበት። መምህሩ አንድ ቀን ሊጫወት ቢገባ ሒሳብ ተጠየቀ። በገዛ ዕቃው! ሳቅን፣ ግን ብዙም አላሳቀንም።

ሽያጩ ስህተት አልነበረም። ዛሬም ባሰላው መልሱ ያው ነው፤ ልጁ ውዝፍ ኪራዩን ከፍሏል። የሚቆጨኝ ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። ቅዳሜ የምንገናኝበት ቤት ስላጣን ድራፍት ቤት መገናኘት ጀመርን። ድራፍት ቤት ደግሞ ባዶ ጠረጴዛ ይዘህ አትቀመጥም። ሥራ የሌለው ጓደኛችን ሁልጊዜ ተጋባዥ መሆን አሳፈረው፣ ቀስ በቀስ ቀረ። አረብ አገር መሄዱን የሰማነው ከሄደ በኋላ ነው። መምህሩ ተዛወረ። ቆይቼ የወጪ ደብተሬን ሳገላብጥ በጥቂት ወር ለድራፍት የከፈልኩት ከማሽኑ ሽያጭ ከደረሰኝ ድርሻ በልጦ አገኘሁት። ሒሳቡን ስሠራ ቅዳሜን ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁም ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ዕቃው ዋጋው ከተከፈለ ቆይቷል። ከእንግዲህ የሚያስወጣህ የመብራት ነው። ብትሸጠው ግን መልሰህ አትገዛውም። በእኛ ጊዜ ማሽን እየቆየ ይረክስ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ በ299 ዶላር ወጥቶ በ2009 99 ዶላር ገብቷል። ፒኤስ 5 ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በ499 ዶላር ወጥቶ በ2025 ወደ 550 ወጣ። በዚህ ላይ የእኛን ብር ጨምርበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የ500 ዶላር ዕቃ ከ28,500 ብር ተነስቶ ከ50,000 በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ።

ጌምን የኑሮ ውድነት አይነካውም የሚሉም አሉ። አትስሟቸው። እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ አሜሪካኖች እንደዚያ ሲሉ ነበር፤ የዚያን ዓመት የጌም ሽያጫቸው ከ21 ቢሊዮን ዶላር አልፎ በማግስቱ ዓመት ከ20 በታች ወረደ። የእነሱ ኪስም ይሰማዋል።

የእናንተን ትውልድ ግን አንድ ነገር ልውቀሳችሁ። ትልቁን ዕቃ ለመሸጥ ትቸኩላላችሁ፣ ትንሿን ወጪ አታዩም። በስልክ ጌሞቹ፣ ፍሪ ፋየር ላይ ዳይመንድ፣ ፐብጂ ላይ ዩሲ የሚሉትን የጌም ገንዘብ ትገዛላችሁ። ለማይለበስ ልብስ! እሱም የሚተመነው በዶላር ነው። ጌም ቤት ደግሞ «ተሸናፊ ይከፍላል» ይባላል፤ ተሸናፊው እልህ ይይዘዋል፣ አጠገቡ ጫት አለ፣ ማዶ ቤቲንግ ቤት አለ። እኛ እንደዚያ አልነበርንም። ድራፍቱን አሁን ነግሬያችኋለሁና ይህችን ዝለሉልኝ። ይልቅ የቴሌብር ዝርዝራችሁን ከፍታችሁ የአንድ ወሩን ደምሩ።

ይህን ሁሉ ብዬ ደግሞ የእህቴ ልጅ ቢጠይቀኝ «ሽጠው» የምል ይመስለኛል። ብቻውን ነው የሚጫወተው፣ በር ዘግቶ፣ እስከ ሌሊት። የአንተን አላውቅም። ቤትህ ሰው የሚመጣ ከሆነ ያዘው፤ ኪራዩን በሌላ እንሞክረው፣ ደብተርህን ይዘህ ና።

የግድ ከሆነም በክረምት አትሽጠው። ጅማ ውስጥ ነሐሴ ላይ ማንም እጁ ላይ ብር የለውም፣ ዋጋህን ይሰብሩታል። ቡናው ተለቅሞ መሸጥ ሲጀምር፣ ኅዳር ላይ አውጣው። ሁለቱንም ጆይስቲክ አብረህ ሽጥ፤ ለየብቻ ካልከው አንዱ እጅህ ላይ ይቀራል።