ታገል፣ ግን ለስሙ ታገል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ባህር ዳር ላለው ገስት ሃውስህ ዌብሳይት የሠራልህ ልጅ በየዓመቱ «ማደሻ» እያለ 12 ሺህ ብር ይቀበልሃል። ፓስዎርዱን ስጠኝ ስትለው ነገ ነገ ይላል። «ትቼው በአዲስ ስም ላሠራ ወይስ ልታገል?» ነው ያልከው። እኔ ታገል እላለሁ። የምትታገለው ግን ለዌብሳይቱ አይደለም፣ ለስሙ ነው፤ ማለትም ሰው ዌብሳይትህን ለመክፈት ለሚጽፈው አድራሻ፣ ዶሜን ለሚሉት።

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። በ2010 ዓ.ም. አንድ ጎበዝ ልጅ ዌብሳይት ሠራልኝ። በእውነት ቆንጆ ነበር። የጥለቱ ክር እስኪቆጠር ድረስ አቅርቦ ነው ፎቶ ያነሳልኝ። ውጭ ያሉ ደንበኞቼ ልካቸውን በኢሜይል ይልኩልኛል፣ እኔ ሸማኔውን አዝዤ፣ አሰፍቼ እልክላቸዋለሁ። ኢሜይሉም በዚያው ስም ነበር። አድራሻውን ልብሱ የሚገባበት የወረቀት ቦርሳ ላይ ሳይቀር አሳትሜዋለሁ።

በ2014 ጥር ላይ፣ ሰርግ በተደራረበበት ሰሞን፣ አንዲት የሜሪላንድ ደንበኛዬ ደወለች። «እህቴ፣ ሱቁን ዘጋሽው እንዴ?» አለችኝ። የ6 ሚዜዎች ልክ ልካልኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ ስትጠብቅ ነበር። እዚያው ቆሜ አድራሻውን በስልኬ ከፈትኩት። ቀሚሶቼ የሉም። ነጭ ገጽ ላይ ይህ ስም ይሸጣል የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ። የጠየቁት 2,400 ዶላር ነበር። ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ አገር ለቆ ወጥቷል፣ ስልኩም አይሠራም። ሚዜዎቹን ሌላ ሱቅ አለበሳቸው።

ልጁ ሌባ አልነበረም። ያኔ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያገኘው እሱ ነው፣ እኔ አልነበረኝም። ስለዚህ ዶሜኑን በራሱ አካውንት፣ በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው። እዚህ አገር የብዙዎቻችን ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዶት ኮምና መሰሎቹ የተከፈለባቸው ጊዜ ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀራቸው መዝጋቢው ድርጅት ማስታወሻ የመላክ ግዴታ አለበት። ማስታወሻው የሚሄደው ግን ዶሜኑ ወደተመዘገበበት ኢሜይል ነው። ለእኔ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ገንዘቡን የሰጠሁት እኔ ብሆንም በመዝገቡ ላይ የለሁም።

ለዚህ ነው ስሙ ላይ የምሟገተው። ሆስቲንጉ፣ ማለትም የገጹ ፋይሎች የሚቀመጡበት ኮምፒውተር፣ የኪራይ ቤት ነው፣ ካልተመቸህ ትለቃለህ። ገጹም እንደገና ይሠራል። ስሙ ግን ጎግል ካርታ ላይ አለ፣ ታፔላህ ላይ አለ፣ አምና ያደረው እንግዳ ለጓደኛው የሚልከው እሱን ነው። ኢሜይልህም በእሱ ከሆነ ስሙ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ዛሬውኑ የሚያልቅበትን ቀን እወቅ። የዶሜን ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን የሚባለው ድርጅት ነፃ መፈለጊያ ገጽ አለው፣ የዌብሳይትህን ስም እዚያ አስገባ። የባለቤቱ ስም ተደብቆ ልታገኘው ትችላለህ፣ አሁን አሁን ብዙው ይደበቃል። የትኛው ድርጅት ጋ እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያልቅ ግን ይነግርሃል። ካለቀም በኋላ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሳምንት ይታገሱሃል። ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ 30 ቀን የመመለሻ ጊዜ አለ፣ ክፍያው ግን ከማደሻው በጣም ይወደዳል። እኔ ስደርስ ይሄ ሁሉ አልፎ ነበር።

ከዚያ ልጁን አነጋግረው። «ፓስዎርድ ስጠኝ» አትበለው። ምናልባት በአንድ አካውንት የ20 ደንበኛ ዶሜን ይዟል። ለአንተ ፓስዎርዱን ሰጠ ማለት የሁሉንም ሰጠ ማለት ነው። ነገ ነገ የሚለው ለዚህም ሊሆን ይችላል። ይልቅ እዚያው ድርጅት ጋ በራስህ ኢሜይል አካውንት ክፈትና እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ «ወንድሜ፣ እስካሁን ስለያዝክልኝ አመሰግናለሁ። ዶሜኑን ብቻ ወደዚህ አካውንት አዛውርልኝ። ሆስቲንጉ አንተ ጋ ይቆይ፣ ሥራውንም ከአንተ ጋር እቀጥላለሁ።» እንጀራውን እንደማትነካበት ሲያውቅ ብዙ ሰው ይለሰልሳል። ወደ ሌላ ድርጅት መውሰድ ከፈለግህ ደግሞ ዶሜኑ እንዳይዛወር የሚይዘውን መቆለፊያ ከፍቶ የማዛወሪያ ኮድ ይስጥህ። ዶሜኑ ከተመዘገበ ወይም ከተዛወረ 60 ቀን ካልሞላው ግን ይህኛው መንገድ ብዙ ጊዜ አይሄድም።

ስለ ብሩ፦ የአንድ ዶት ኮም የዓመት ማደሻ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። የቀረው የሆስቲንግና የእሱ ድካም ነው። ለይቶ በወረቀት ይጻፍልህ። ለድካሙ መክፈል ተገቢ ነው፣ ለማዛወሩም ትንሽ ቢጠይቅህ አትከራከረው። ስምህን መያዣ አድርጎ ከጠየቀህ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። አከፋፈልህንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አስቀምጥ።

አሁን የእኔን አዲሱን ዶሜን ቨርጂኒያ ያለችው የወንድሜ ልጅ በካርዷ ትከፍልልኛለች። አካውንቱ ግን በእኔ ስም፣ በእኔ ኢሜይል ነው፣ ማረጋገጫ ኮዱም የሚመጣው በእኔ ስልክ ነው። አምና ካርዷ ተቀይሮ ክፍያው አላልፍ አለ። ማስታወሻው ወደ እኔ መጣ፣ ያን ቀን ማታ ደወልኩላት፣ በማግስቱ ተከፈለ። ኢሜይሉ ስልህ ደግሞ በራሱ በዶሜኑ ስም ያለ አይሁን። ዶሜኑ ከጠፋ ያ ኢሜይልም ይጠፋል፣ ፓስዎርድ የምትቀይርበት ታጣለህ። ተራ ጂሜይል ይበቃል። በዶላር መክፈል ጨርሶ ካልሆነልህ የኢትዮጵያ የሆነው ዶት ኢቲ (.et) አለ። የሚመዘገበው በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነው፣ ክፍያውም በብር ነው።

ዝውውሩ እስኪያልቅ የገጹን ሙሉ ባክአፕ፣ ፋይሉንም ዳታቤዙንም፣ ለምነህም ቢሆን ተቀበል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ወደ ስልክህ አውርድ። እኔ ያን ጊዜ ለቃቅሜ ያገኘሁት የቆዩ ገጾችን ከሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ነው። ጽሑፉ አለ፣ ከፎቶዎቹ ግን ግማሹ አልተቀመጠም። ያንን የጥለት ፎቶ ዛሬም አላገኘሁትም።

የሚያልቅበትን ቀን ስታገኝ እዚሁ ጻፍልን። ከሁለት ወር በታች ከቀረው ክርክሩን ተወውና መጀመሪያ የዘንድሮውን ማደሻ አስከፍለው፣ ደረሰኙን ላክልኝ በለው። ዝውውሩን ከዚያ ተረጋግታችሁ ትጨርሱታላችሁ።