ጀበናው እሳት ላይ ለምን ይፈነዳል?

እህቴ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሸክላ እወዳለሁ፤ ሦስት ጀበና ሠርቼ ሳምንት ካደረቅኳቸው በኋላ ሳቃጥላቸው ሦስቱም ፈነዱ፤ አራተኛውን ልሠራ ነው፤ እሳቱን አበዛሁት ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከመለሱልሽ ሰዎች ብዙዎቹ እሳቱን ወቅሰዋል። እኔ አዲስ አበባ፣ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር በሆነው ቀጨኔ ተወልጄ ከአያቴ ጋር ጭቃ እየረገጥኩ ያደግኩ ነኝ፤ ጥፋቱ ከእሳቱ በፊት የተፈጠረ ይመስለኛል።

ጀበናሽ አልደረቀም። ላዩ ደርቋል፤ አንገቱና ጆሮው የተጣበቁበት ወፈር ያለው ቦታ ግን እርጥበቱን እንደያዘ ነው እሳት የገባው። ውኃ 100 ዲግሪ ላይ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ ገላውን ገምሶ ይወጣል። አያቴ ይህን ቁጥር አታውቅም፤ የምትለካው በጉንጯ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጀበናውን አንስታ ሆዱን ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች። ከቀዘቀዛት «ገና ነው» ብላ ትመልሰዋለች። እርጥበቱ እየተነነ ስለሆነ ነው የሚቀዘቅዘው። ክረምት ላይ ሦስት ሳምንት ያቆየችው ጀበና ነበር፤ ገዢዋ ደጅ ቆማ ብትለምናትም እሳት አላስነካችውም።

ሌላው ገል ነው። ጭቃውን ብቻውን ከሠራሽበት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ እንፋሎቱም መተንፈሻ አያገኝም። የተሰበረ ድስት ወይም ምጣድ ወቅጠሽ፣ በወንፊት ነፍተሽ፣ ለአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ጨምሪበት። መጠኑ እንደ አፈሩ ይለያያል፤ እኔ የምጀምረው ከዚህ ነው።

ለማቃጠል ነፋስ የሌለበት ቀን ምረጪ። መጀመሪያ ፍሙ ዳር ደርድሪያቸውና በእጅ መያዝ እስኪያቅትሽ ድረስ እያዞርሽ አሙቂያቸው፤ ኩበቱና ጭራሮው ከዚያ በኋላ ነው። አያቴ ገና ፍም እንደመሰለ አውጥታ ባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ትቀብረው ነበር፤ ጀበናውን የሚያጠቁረው ያ ጭስ ነው። አንቺ ለጊዜው ይህን ተዪው። አፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን 573 ዲግሪ አካባቢ ድንገት መጠኑን ይለውጣል፤ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይጠባል፤ በድንገት ከበረደ ጀበናው ይሰነጠቃል። ስለዚህ አመዱ ውስጥ እንዳለ ይብረድልሽ።

ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጅ ሆኜ «የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ቡዳ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ክፍል ውስጥ ጥፍሬ ሥር የቀረው ጭቃ እንዳይታይ እጄን ደብተር ሥር እደብቅ ነበር። አያቴ ይህን ሙያ እስከ ዕለተ ሞቷ አልተወችውም፤ «ያንቺን ጥበብ እንማር» ብሎ የመጣላት ሰው ግን አላየሁም። አሁን አንቺ ሦስት ጀበና ፈንድቶብሽ አራተኛውን ልሠራ ስትዪ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ስብርባሪውን እንዳትጥዪው። መጀመሪያ አገላብጠሽ እዪው፦ እንደ ሳንቲም ቅርፊት ቅርፊት እያለ ከተነሣ እርጥበት ነው፤ ከአፍ እስከ ሆድ አንድ ረጅም ስንጥቅ ከሄደ ግን ድንገተኛ ሙቀት ወይም ብርድ ነው። ከዚያ በባልዲ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። በደንብ ያልተቃጠለው ሟሙቶ ጭቃ ይሆናል፤ ከሌላው ጭቃሽ ጋር ቀላቅዪው። ጠንክሮ ያደረው ለአራተኛው ጀበና የሚሆን ገልሽ ነው።