ነቀዙ መድኃኒቱን ለምን ናቀው?

ከወምበርማ የደረሰን ደብዳቤ አጭር ነው። «በቆሎዬን ነቀዝ ፈጀው። የማላታዮን ዱቄት ብነሰንስበትም አልሞት አለኝ። ከገበያ ክኒን ገዝቼ ከረጢቱ ውስጥ ጨመርኩ። ቤቱ ይሸታል፣ ልጆቹም ራሳችንን አመመን ይላሉ። የነፍሳትን ኢንዛይም የሚያጠቃ አዲስ መድኃኒት ሊመጣ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። የት ነው የሚገኘው?»

ጋሼ፣ ከነቀዙ በፊት ልጆቹ ይቅደሙ። ያ ክኒን እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ማርከሻ የለውም። ቤተሰቡ በሙሉ አሁኑኑ ከዚያ ቤት ይውጣ፤ በሩም ክፍት ይሁን። ልጆቹን ጤና ጣቢያ ይውሰዱና ክኒኑን ለሐኪሙ ይንገሩ። ከረጢቱን ራስዎ አይነካኩ፣ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጥሩ። እሱ ሳያየው ከዚያ በቆሎ አንድ ቁና እንኳ አይፈጭ። ሰው በሚተኛበት ቤት ክኒን የሚጨምር ገበሬ በየዓመቱ ያጋጥመኛል። እባካችሁ፣ ይሄን ነገር ተዉት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ኢንዛይም የሚያጠቃው መድኃኒት እጅዎ ላይ አለ፤ ማላታዮን ራሱ ነው። ነርቭ መልእክት ካስተላለፈ በኋላ መልእክቱን የሚያጠፋ አሴቲልኮሊኔስቴሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ማላታዮን እሱን ሥራ ያስፈታዋል። ነርቩ ዕረፍት ያጣል፣ ነቀዙ ተንቀጥቅጦ ይሞታል። ይኸው ኢንዛይም በእኛም ሰውነት ውስጥ አለ። ዱቄቱን በባዶ እጅ አትንኩ የምንለውም ለዚህ ነው። ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ሰው የሌለውን፣ ነፍሳት ግን ያለሱ የማይኖሩበትን ኢንዛይም ነው። ለምሳሌ ለቅርፊታቸው የሚሆነውን ኪቲን የሚሠራላቸውን። ሥራው መልካም ነው፤ የእርስዎን ጎተራ ግን አይጠብቅም።

ነቀዝ መድኃኒት ሊለምድ ይችላል። ማላታዮንን ሰባብሮ የሚያከሽፍ የራሱን ኢንዛይም ያበዛል። የእርስዎ ችግር ግን ይህ አይመስለኝም። ከአነጋገርዎ እንደገባኝ ዱቄቱን የነሰነሱት ነቀዙን ካዩ በኋላ ነው። ያኔ አልፏል። እንስቷ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ታስቀምጥና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው ውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ከላይ የተነሰነሰ ዱቄት አያገኘውም። በዚያ ላይ በቆሎው በደንብ ካልደረቀ ማላታዮን ቶሎ ኃይሉን ያጣል። ነቀዙ ደግሞ አንዳንዴ ከማሳው ጀምሮ አብሮ ይገባል።

ለኅዳሩ ምርት አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ፤ አየር የማያስገባ ከረጢት ይግዙ። ፒክስ ይሉታል። ሁለት ወፍራም ፕላስቲኮች አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው፣ ከውጭ ማዳበሪያ የለበሰ ነው። መድኃኒት የለውም። ውስጥ ያለው ነቀዝ አየሩን ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ መብላትም መራባትም ያቆማል፣ ይሞታል። ፍሬው ውስጥ የተደበቀው ትልም ከዚህ አያመልጥም።

ሁሉም ነገር ያለው ማድረቁ ላይ ነው። እርጥብ በቆሎ ፕላስቲክ ውስጥ ከታፈነ ይሻግታል። በቆሎውን ፈልፍለው ሸራ ላይ ያስጡት፣ መሬት ላይ አይሁን። መድረቁን በጥርስ አይፈትኑ፣ በጨው ይፈትኑ። ደረቅ ጠርሙስ ይያዙ። ሩቡን ያህል በቆሎ ያድርጉበት፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ይጨምሩ። ጨው ከረጠበ አስቀድመው ያምሱት። ከድነው በደንብ ይናጡትና ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና ነው፣ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተለጠፈ ደርሷል።

ከዚያ ያበጥሩት፣ ቆረቆንዳ ከገባበት ፕላስቲኩን ይቀደዋል። ከረጢቱን ሲሞሉ እየነቀነቁ አየሩን ያስወጡ። የውስጠኛውን ፕላስቲክ አፍ ጠምዝዘው፣ አጥፈው ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። ሁለተኛውንም ለብቻው እንዲሁ፣ ማዳበሪያውንም እንዲሁ። ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡት። አይጥ ከበሳው አየር ይገባል፣ ልፋትዎም በከንቱ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አይክፈቱት። ለዕለት ቀለብ የሚሆነውን በሌላ ዕቃ ለይተው ያስቀሩ። ካልተቀደደ ለከርሞም ያገለግላል።

አሮጌውን በቆሎ ከአዲሱ ጋር አያቀላቅሉ። ጎተራውንም አዲሱ ከመግባቱ በፊት ጥርግ አድርገው ያጽዱት፤ ጥራጊውን ያቃጥሉት።