መልስ፦ የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ እውነት ጨምሯል?
እህቴ፣ "ባለፈው ወር ከገዛሁት የዛሬው ተወደደብኝ፣ ጭማሪውን እንዴት ልከታተል?" ብለሻል። መጀመሪያ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አድርገሽ ጽሑፉን አንብቢ። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለው አለ፣ 250 ያለውም አለ፤ ጠርሙሱም 60 ወይም 100 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጠርሙስ ሳይሆን በሚሊ ግራም አስልተሽ አወዳድሪ። (ጥንካሬው ከተለየ ለልጁ የምትለኪለትም ይለያል፤ ፋርማሲስቱን ሳትጠይቂ እንዳትሰጪው!) እኔ ደረሰኙን በስልኬ ፎቶ አንስቼ የአምራቹን ስም እጽፍበታለሁ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ዋጋ የዶላር ምንዛሬውን ይከተላል፤ የአገር ውስጡን ለብቻው መዝግቢው። ከመግዛትሽ በፊት ዋጋ ለማወዳደር ከነማ (የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ፋርማሲ) ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲም ጎራ በይ፣ ሰልፉን ከቻልሽው።