መልስ፦ ኢማቲኒብ ከረከሰ ሕሙማን ለምን አያገኙትም?

ጠያቂያችን፣ ሥር ለሰደደ ማይሎይድ የደም ካንሰር የሚታዘዘው ኢማቲኒብ ዋጋው ከወረደ በድሃ አገሮች ያሉ ሕሙማን ስለምን እንደማያገኙት ጠይቀዋል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. መድኃኒት አምራቹ ኖቫርቲስ ለግሊቬክ (ኢማቲኒብን ለሚሸጥበት የንግድ ስም) የጠየቀውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ውድቅ በማድረጉ፣ የአገሪቱ ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን መድኃኒት በርካሽ ማምረታቸውን ቀጥለዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል።

ይሁን እንጂ ክኒኑ ከመታዘዙ በፊት የዚህ ካንሰር መነሻ የሆነው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለው የዘረመል ለውጥ በምርመራ መረጋገጥ አለበት። ምርመራው በሌለበት ሐኪሙ ያበጠ ጣፊያና የበዛ ነጭ የደም ሕዋስ ቢያይም፣ እርግጠኛ ሆኖ ለማዘዝ ይቸገራል። በእኔ እምነት ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስቆጨው ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በብዙ ሆስፒታሎች የተተከለው የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ፣ ተገቢው ካርትሪጅ (ናሙናው ተጨምሮበት ወደ መሣሪያው የሚገባው የምርመራ ዕቃ) ከቀረበለት፣ ይህንንም መመርመር የሚችል መሆኑ ነው።