መልስ፦ 50 በመቶ ያልሞላላት ልጅ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ተስፋ አላት?

ወንድሜ፣ የእህትህ ልጅ 12ኛ ክፍል ተፈትና 50 በመቶ አልሞላላትም፤ «ተስፋ አላት ወይ? አቅም ሳይኖረን በምን እናግዛት?» ብለሃል።

አላት። መጀመሪያ ይህን ንገራት። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ፈተና፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሷ ብቻዋን አይደለችም።

50 በመቶ ያልሞላላቸው ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት ወስደው ካለፉ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ሬሜዲያል የሚባል ፕሮግራም አለ። ትምህርት ሚኒስቴር የሬሜዲያል መቁረጫ ነጥብ ሲያወጣ ለሴቶች ዝቅ አድርጎ የወሰነባቸው ዓመታት አሉ። ስለዚህ ማስታወቂያው ሳይወጣ ተስፋ አትቁረጡ። ውጤቷ ለሬሜዲያል ካልደረሰ በግል ተፈታኝነት ተመዝግባ እንደገና ትፈተን።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይሄ የዝግጅት ዓመት ነው። ከገጠር መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆችን አስጠንቻለሁ። አንዷ ሰኞ ሰኞ በሶና ድርቆሽ በፌስታል ተሸክማ ትመጣለች። ሐሙስ ላይ ስንቋ ያልቃል። ዓርብ ከፊቴ ተቀምጣ ሒሳቡን ታየዋለች እንጂ አትሠራውም። ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ ርቧት ነው።

እና ገንዘብ ካገኛችሁ ከሁሉ በፊት የቤት ኪራይና ቀለቧን ቻሉላት። አራት አምስት ዘመድ ተሰብስቦ ቢያዋጣ ይሆናል። መጽሐፍ በውሰት፣ የቆዩ ፈተናዎች ደግሞ በቴሌግራም ይገኛሉ። ቤት ከመጣችም የውኃውንና የእንጨቱን ሥራ ለወንድሞቿ አካፍሉት፤ ማታ ማታ ለእሷ የጥናት ጊዜ ይሁን።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባች የወጪ መጋራት ውል ትፈርማለች፤ ክፍያው ከተመረቀች በኋላ ነው። አባቷ «በምን እከፍላለሁ?» ካሉ ይህን አስረዳቸው።