ስለ ድፍድፍ ነዳጅና ስለ ድኙ ጠይቁ

መልስ ሰጪ፦ ሥራዬ ከናፍጣ ድኝ (ሰልፈር) ማውጣት ነው። ጠይቁ። አስቀድሜ ግን፣ ቤት ውስጥ ነዳጅ ለማንጠር እንዳትሞክሩ። ትነቱ በትንሽ ብልጭታ ይያያዛል።

ጥያቄ፦ ነዳጅ እንዴት ይጣራል?

መልስ፦ የቱ ነዳጅ? ድፍድፍ? ጋዝ? ከሰል? ለይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ድፍድፍ። ውስጡ ምን አለ?

መልስ፦ በብዛት ሃይድሮካርቦን ነው፤ ማለትም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ሞለኪዩል። አንዳንዱ ቀጥ ያለ ሰንሰለት፣ አንዳንዱ ቅርንጫፍ ያለው፣ አንዳንዱ ቀለበት። መጀመሪያ ጨዉ ይታጠባል። ከዚያ እስከ 350 ዲግሪ ገደማ ይሞቅና ማንጠሪያ ማማ ውስጥ ይለያያል፤ ቀላሉ ወደ ላይ፣ ከባዱ ወደ ታች።

ጥያቄ፦ ድኙም እዚያው አይለይም?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! አይለይም። ድኙ ከውጭ የገባ ቆሻሻ ሳይሆን የሞለኪዩሉ አካል ነው። ለምሳሌ ዳይቤንዞታዮፊን የሚባለው ድኝ ያለበት ሞለኪዩል የሚፈላው ከናፍጣው ጋር ስለሆነ ስታነጥረው አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ናፍጣውን ከ300 እስከ 400 ዲግሪ አሙቀን፣ ከሃይድሮጅን ጋር በከፍተኛ ግፊት በኮባልትና ሞሊብዲነም ካታሊስት (ኬሚካላዊ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ላይ እናሳልፈዋለን። ድኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሆኖ ይወጣል። ሜርካፕታን የሚባሉት ቀላል የድኝ ውህዶች ቶሎ እጅ ይሰጣሉ። ፈተናው 4፣6-ዳይሜቲልዳይቤንዞታዮፊን ነው። ሁለቱ ሜቲሎች (ትንንሽ የካርቦንና የሃይድሮጅን ቅርንጫፎች) ድኙን ግራና ቀኝ ከልለውታል፣ ካታሊስቱ አይደርስበትም። መጀመሪያ አንዱ ቀለበት ላይ ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ግን ሞለኪዩሉ ይጣመምና ድኙ ይጋለጣል። ለዚህኛው ኒኬልና ሞሊብዲነም ይሻላል። የአውሮፓ ሕግ በአንድ ኪሎ የመኪና ናፍጣ ከ10 ሚሊግራም በላይ ድኝ አይፈቅድም፤ ይህን ሞለኪዩል ሳትነካ እዚያ አትደርስም።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ገዳይ ነው። ሲበዛ አፍንጫ ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም!

አንድ አባል፦ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን የበለጠ ንጹህ ነው አይደል?

ሌላ አባል፦ አዎ፣ ጉልበትም ይጨምራል።

ሦስተኛ አባል፦ ኧረ በፍጹም! ኦክቴን ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ያለው አቅም ነው። በመለኪያው አይሶኦክቴን የሚባለው ሃይድሮካርቦን 100፣ ኖርማል ሄፕቴን የሚባለው ደግሞ 0 ነው። ሞተሩ ካልጠየቀ ምን ይጨምርልሃል?

ሌላ አባል፦ የኔ መኪና ላይ ልዩነቱ ይታወቃል ባክህ።

መልስ ሰጪ፦ ሦስተኛው ትክክል ነው። በቃ፣ ወደ ጉዳያችን።

ጥያቄ፦ የከሰል ኬሚካላዊ ቀመር ስንት ነው?

መልስ፦ አንድ ቀመር የለውም። ፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ሆኖ ያለው ድኝ ከሰሉ ተፈጭቶ ሲታጠብ ይቀንሳል፤ ከካርቦኑ ጋር የተሳሰረው አይታጠብም።

ጥያቄ፦ ነዳጅ እንዴት ነው የሚጣራው? ቤትስ ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ቤት አይሞከርም ብያለሁ!

ጥያቄ፦ የወጣው ድኝ የት ይገባል?

መልስ፦ በክላውስ ዘዴ ከሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ሲሶው ይቃጠልና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል። እሱ ከቀረው ጋር ሲገናኝ ድኝና ውሃ ይሰጣል። ድኙ ቀልጦ ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ቢጫ ጠጣር ነው። አብዛኛው ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራበታል፣ አሲዱም በብዛት ለማዳበሪያ ይውላል።